ሙያ በልብ ከሆነ ቀጣሪው በምን ያውቀዋል?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ22 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰድኩት ከ2014 ተማሪዎች ጋር ነው። አላለፍኩም፤ ለሬሜዲያልም አልበቃሁም። ከዚያ ወዲህ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫና መጠገኛ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ማታ ማታ ከዩቲዩብ እየተማርኩ ሞተርና የማሽን ቦርድ መጠገን ችያለሁ። ባለፈው አንድ ወፍጮ ቤት ጠሩኝ። ሞተሩ ያጓራል እንጂ አይዞርም። ሌላ ሰው ሁለት ቀን ታግሎ ትቶታል፤ ስነካው ያቃጥላል። ከሦስቱ የኃይል መስመሮች አንዱ ፌዝ ተርሚናሉ ላይ ላልቶ አገኘሁት፤ በግማሽ ሰዓት አስነሣሁት። ፋብሪካ ማስታወቂያ ሲያወጣ ግን ‹ዲግሪ ወይም ደረጃ 4› ይላል። ሁለት ጊዜ አስገብቼ አልጠሩኝም። አንድ ጓደኛዬ ‹ወረቀቱን አሠራልሃለሁ፣ ብሩን ብቻ አምጣ› ይለኛል። ሌላው ‹ጉግል እንኳን ዲግሪ አይጠይቅም› ይለኛል። የእህቴ ባል ዲግሪ ይዞ ባጃጅ ነው የሚነዳው። እናቴ ደግሞ ‹የጎረቤት ልጅ ሁሉ ጋዋን ለብሶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ የማንን ፎቶ ልስቀል?› ትላለች። እውነቱን ይንገሩኝ። ራሱን ያስተማረ ሰው ለቀጣሪ ዋጋ አለው?

ግራ የገባው፣ ከኮምቦልቻ»

ወንድሜ ግራ የገባው፣

ከፈተናው ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። በዚያ ዓመት ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። ያ የትምህርት ዓመት ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጅ ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር ደግሞ ላንተ አልነግርህም፤ በጦርነቱ መሃል ኅዳርን የት እንዳሳለፍክ አንተ ታውቀዋለህ። ግን አንድ ነገር ልብ በል። ደብዳቤህ ገና ሲጀምር «አላለፍኩም» ይላል። የወፍጮ ቤቱን ሞተር መሃል ላይ ቀብረኸዋል። ለፋብሪካውም እንዲህ ከሆነ የጻፍከው እኔም አልጠራህም ነበር።

ይህን የምልህ በግምት አይደለም። ጠሪዋ እኔ ነበርኩ። ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት እዚሁ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ስሙ ይቅርና፣ ሰው ኃይል ክፍል ዓመታት ሠርቻለሁ። ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ማመልከቻ በካርቶን ይመጣል። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ክምር እሠራለሁ። ዲግሪ ወይም ደረጃ 4 አለው? ወደ ቀኝ። የለውም? ወደ ግራ። ለአንዱ ሰው አንድ ደቂቃ አላጠፋም። ሰውየው ማሽን ያውቃል ወይ የሚለው ጥያቄ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይነሣም። ማን ያነሣዋል? እኔ ራሴ ማሽን አላውቅም።

አንድ ጊዜ ወደ ግራ ካስቀመጥኳቸው መካከል የአንዱ ስም ለየት ያለ ስለነበር አልረሳሁትም። ወራት አለፉ። አንድ ቀን አንዱ የማምረቻ መስመር ቆመ፤ የጥገና ኃላፊው ከውጭ ባለሙያ አስጠራ። ሰውየው ሁለት ቀን ሠርቶ አስነሣውና ክፍያ ሊፈርም እኔ ክፍል መጣ። ስሙን ሳነበው ደነገጥኩ። ያ ነው። ለሁለት ቀን የተከፈለው፣ እኔ «አያሟላም» ያልኩበት የሥራ መደብ የወር ደመወዝ ገደማ ነበር። እስክሪቢቶ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ፈረመና እስክሪቢቶዬን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል። ወረቀት የሚጠይቀው ማሽኑ አጠገብ የማይቆመው ሰው ነው። እጅ የሚጠይቀው ማሽኑ የቆመበት ሰው ነው። አንተ ሁለት ጊዜ ያስገባኸው ለመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ስምህን እንኳ አልሰማም።

ለቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼም ልከራከርላቸው። የማላውቀው ሰው ሲመጣ የማውቀው ተቋም ዋስ ይሆነዋል። ዲግሪ ለእኔ ያ ዋስ ነበር። ነገ ኦዲተር መጥቶ «ይሄን ልጅ በምን መስፈርት ቀጠርሽው?» ሲለኝ ወረቀቱን አሳየዋለሁ። «እጁ ጥሩ ነው ብለውኝ» ብለው ማን ይሰማኛል? መንግሥት ቤት ደግሞ የባሰ ነው፤ እያንዳንዱ መደብ ተፈላጊ ችሎታው ተጽፎለታል፤ ኃላፊው ቢወድህ እንኳ እጁ የታሰረ ነው። እዚያ በር ላይ ጊዜህን አትጨርስ። እርግጥ ዋሱም እንደ ድሮው አይታመንም። ከ2015 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ዋሱም ራሱ ዋስ ተጠየቀ ማለት ነው።

ጉግልን የጠቀሰልህ ጓደኛህ አልዋሸም። ግማሹን ነው የነገረህ። ጉግልም አይቢኤምም ለብዙ ሥራቸው ዲግሪ የግድ አይደለም ብለዋል። አሜሪካ ውስጥ የሜሪላንድ ግዛት በፈረንጆቹ 2022 ለሺዎች የመንግሥት ሥራ መደቦች የዲግሪ መስፈርቱን አንሥቷል። በ2024 ግን ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩልና በርኒንግ ግላስ ኢንስቲትዩት የሚባል ተቋም አንድ ላይ ሆነው «መስፈርቱን አነሣን ያላችሁ፣ እውነት ማንን ቀጠራችሁ?» ብለው አጠኑ። በዓመቱ ከተቀጠረው እያንዳንዱ 700 ሰው መካከል በዚህ ለውጥ ዕድል ያገኘው አንድ እንኳ አልሞላም። ማስታወቂያው ተቀየረ እንጂ መራጩ አልተቀየረም። የእኔ ሁለት ክምር እዚያም አለ። ደስ የሚለው ግን፣ የምራቸውን በለወጡት ድርጅቶች ውስጥ ያለ ዲግሪ የተቀጠሩት ሰዎች ከባለዲግሪ ባልደረቦቻቸው የበለጠ ሥራው ላይ ቆይተዋል። ይህን ነጥብ ያዘው፤ ቀጣሪ የሚያስጨንቀው አንዱ ነገር አሠልጥኖት የሚሄድበት ልጅ ነው።

ወረቀት አሠራልሃለሁ ስላለህ ጓደኛ ብዙ አልልም። ተወው። የትምህርት ማስረጃ ወደ ሰጠው ተቋም ተልኮ ይጣራል፤ ዛሬ ባይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ዕድገት ስትጠይቅ። ያን ቀን የሚወድቀው ወረቀቱ ብቻ አይደለም። እውነተኛው እጅህም አብሮ ይጠረጠራል።

አሁን የማይጥምህን ልንገርህ። እጅህ ጥሩ ነው፤ ግን ቀዳዳ አለው። ቀዳዳውን ያየሁት በራስህ ደብዳቤ ነው።

ሞተሩ ሲያጓራ አንድ ፌዝ እንደጎደለ ገምተህ የላላውን ተርሚናል አጠበቅክ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ሒሳብህን ተቀበልክ። ጎበዝ። ግን ሞተሩ «ያቃጥላል» ብለሃል። ሁለት ቀን ሙሉ በሁለት ፌዝ እያጓራ ሲግል ኦቨርሎዱ፣ ሞተር ከልኩ በላይ ሲስብ የሚያቋርጠው ጠባቂ፣ ለምን አላቋረጠውም? እሱ እኮ እዚያ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ደብዳቤህ ላይ ስለ ኦቨርሎዱ አንድ ቃል የለም። እኔ የምጠረጥረው ይህንን ነው፤ ባለወፍጮው በየቀኑ ሲቋረጥበት ሰልችቶት፣ ወይ ካንተ በፊት የነካው ሰው፣ ያቺን ትንሽ ማስተካከያ በካቻቪቴ ወደ ላይ አዙሯታል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ጠባቂ የለውም። ቀጣዩ ፌዝ የላላ ቀን ሽቦው ይነዳል፤ ባለወፍጮውም «ያ ልጅ ነክቶት ነው» ይላል።

ራሱን ያስተማረ ሰው ችግር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የሚጠሩት የቆመ እንዲያስነሣ ነው፤ ስለዚህ ማስነሣትን ይማራል። እንዳይቆም ማድረግን የሚያስተምረው የለም። ቪዲዮም የምትፈልገው ነገር ሲጨንቅህ ነው፤ ያልጠየቅከውን አይመልስልህም። ኮሌጅ አሰልቺ የሆነው ያልጠየቅከውን ስለሚያስተምርህ ነው። ጥቅሙም እሱው ነው።

ራስህን ፈትን። የሞተሩ ታርጋ 15 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት፣ 30 አምፔር ይላል። ቦርዱ ስታር ዴልታ ነው፤ ሞተሩን በስታር ቀስ አድርጎ አስነሥቶ ወደ ዴልታ የሚያዞር ማለት ነው። ኦቨርሎዱ ከዋናው ኮንታክተር (ኃይሉን ከሚያገናኘውና ከሚያቋርጠው ማብሪያ) ሥር፣ ወደ ሞተሩ በሚሄዱት ሦስት ሽቦዎች ላይ ነው። ስንት ላይ ታስተካክለዋለህ? «30» ካልክ ከብዙ ሰው ጋር ነህ፤ ግን ተሳስተሃል። በዴልታ ጊዜ በዚያ ሽቦ የሚያልፈው የሙሉው 0.58 እጅ ነው፤ ስለዚህ 17.4 አምፔር ገደማ። በ30 ከተውከው ኦቨርሎዱ ለጌጥ ተቀምጧል። ይህን በቃል ፈተና ላይ ሲጠየቅ ስንቱን ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ፤ ባለዲግሪም አለበት። እኔ በፈተና ኮሚቴ ተቀምጬ ደጋግሜ ስለሰማሁት መልሱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ። ወላሂ፣ ሽቦውን ግን አልነካም! መልስ ማወቅና ሥራ መቻል እንደሚለያዩ ከእኔ በላይ ምስክር የለም።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ?

ሲኦሲ። የሙያ ብቃት ምዘና የተማረውን ብቻ የሚመዝን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የምዘናው መሠረታዊ ሐሳብ ግን ሰውየው ምን እንደሚችል ማየት ነው፤ ኮሌጅ ገብቶ ተማረው፣ ጋራዥ ውስጥ ለመደው፣ ከአባቱ ወረሰው፣ ልዩነት የለውም። ኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ሂድ፤ ካልተመቸህ ሐረጎን ወጥተህ ደሴ ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ጠይቅ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ጃኬት ብቻ ያዝ። «በልምድ የተማርኩ ነኝ፣ በኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ በየትኛው ደረጃ ልመዘን እችላለሁ?» በል። ምናልባት ከዝቅተኛው ጀምር ይሉሃል። ጀምር። ተግባሩ ላይ አትወድቅም፤ የንድፈ ሐሳቡ ጥያቄ ላይ ነው የምትንገዳገደው፤ ከላይ ያልኩህ ቀዳዳ ማለት ነው። ለዚያ ቪዲዮ ሳይሆን የኮሌጁን ሞጁል ፈልገህ ከገጽ አንድ ጀምረህ አንብብ፤ የሚሰለቸውንም ጭምር። ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ የሚያሠለጥኑ ከሆነ ደግሞ ተመዝገብ። ማስታወቂያው «ዲግሪ ወይም ደረጃ 4» ነው ያለው። ያቺን «ወይም» የምትባለዋን ቃል ዘለልካት እንጂ በሩ ጨርሶ አልተዘጋም።

ሁለተኛው ነገር ደብተር ነው። አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይሉ ነበር፤ አትኩራራ፣ ሥራህ ይናገር ለማለት። ለሰፈር ጥሩ ነው። ለማያውቅህ ቀጣሪ ግን ልብህ አይታየውም። አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዛና ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ጻፍ፦ «ወፍጮ ቤት፣ 15 ኪሎዋት ሞተር። ምልክት፦ ያጓራል፣ አይዞርም፣ ይግላል። ምክንያት፦ አንድ ፌዝ ተርሚናል ላይ ላልቷል። የሠራሁት፦ ተርሚናሉን አጽድቼ አጠበቅኩ፣ ሦስቱንም ፌዝ በክላምፕ ለካሁ፣ ኦቨርሎዱን ከታርጋው አስልቼ አስተካከልኩ። ከሥራው በኋላ የተለካው፦ ይህን ያህል አምፔር።» ከዚህ ጋር ቦርዱን ከመንካትህ በፊትና ከጨረስክ በኋላ ፎቶ አንሣ። ባለቤቱ ከፈቀደ ስልኩን ጻፍ። እንዲህ ያለ 20 ገጽ ይዞ የመጣ ልጅ የጥገና ኃላፊ ፊት ሲቀመጥ ወሬው ሌላ ነው። ኃላፊው ደብተሩን ገልጦ «እዚህ ጋ ለምን ኮንታክተሩን ቀየርከው?» ብሎ ከጠየቀህ፣ ቃለ መጠይቁ ተጀምሯል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤም አለ። የሱቁ ባለቤት «ውል የለንም» ቢልህ አይሰራም፤ የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው ምን እንደሠራ፣ ለስንት ጊዜ እንደሠራና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጠው ያዛል። ይህን ስትጠይቅ ግን አዋጅ ይዘህ አትግባ፤ ቡና ላይ ጠይቀው፤ ሰውየው እኮ በር የከፈተልህ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት «ግብር የተከፈለበት» ካልሆነ የግል ልምድ አይቆጥርም። ያ ካላስኬደህ አትበሳጭ፤ የግሉ ፋብሪካ ብዙውን ጊዜ ደብዳቤውን ያየዋል።

ማሽኑ የቆመበትን ሰው የት ታገኘዋለህ? ይህ ጥያቄ ሲገርመኝ ነው የሰነበትኩት፤ ምክንያቱም አንተው ሱቅ ነው የሚመጣው! ኮንታክተር፣ ፊውዝ፣ ብሬከር ሊገዛ የሚመጣው ማን ይመስልሃል? የፋብሪካ የጥገና ሰው ነው። ዕቃውን አቀብለህ ሒሳብ ተቀብለህ ትሸኘዋለህ። ከእንግዲህ አንድ ጥያቄ ጨምር፤ «ምን ሆኖ ነው የተቃጠለው?» በል። በዓመት ሁለት ሦስቴ ያንኑ ኮንታክተር የሚገዛ ሰው ካየህ፣ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ያልታወቀ በሽታ አለ። «ቅዳሜ መጥቼ ልየው?» ማለት አያሳፍርም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ከተመረቀ ወዲህማ ከነባሮቹ ፋብሪካዎች ሌላ የስፌት ማሽን በረድፍ የተደረደረባቸው ሼዶች ተጨምረዋል። ኃላፊው ከፈራ ደግሞ መውጫ አለው፤ ያው አዋጅ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። «በሙከራ ያዙኝ፣ ካልሆንኩ አሰናብቱኝ» በለው። ይህን ማለት የሚችለው እጁን የሚያምን ሰው ነው።

የእህትህን ባል እንደ ማስረጃ አታቅርበው። ባጃጅ መንዳቱ ዲግሪ ከንቱ መሆኑን አያሳይም፤ ያንተ ወረቀት አልባነት ትክክል መሆኑንም አያሳይም። ምሳ ላይ እንዲህ ስትል ሰምቶህ ከሆነ ደግሞ ይቅርታ ጠይቀው።

እናትህ ግን ልቤን ነክተውታል። አንተ የእናትህን ነገር የሥራ ጥያቄ አድርገህ ነው የሰማኸው። እሳቸው ስለ ሥራ አላወሩም፤ ስለ ግድግዳ ነው ያወሩት። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋሉ። ይህን በክርክር አታሸንፈውም፤ ጉግልንም ሜሪላንድንም ብትጠራላቸው ያው ግድግዳው ባዶ ነው። ፖሊ ቴክኒክም ጋዋን ይለበሳል፤ ይህን ንገራቸው። እስከዚያ ድረስ አንድ ቀን ሥራ ይዘሃቸው ሂድ። ቀልድ አይደለም። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ይቀመጡ፤ ባለወፍጮው «ልጅዎ ነው ያስነሣልኝ» ሲላቸው ይስሙ። እኔ እናት ብሆን ከጋዋኑ እኩል ነበር የምቆጥረው። ምናልባት እሳቸው አይቆጥሩት ይሆናል፤ እናት ናቸውና መብታቸው ነው።

ወፍጮ ቤቱን ካነሣን አይቀር፣ ነገ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሂድ። ዋናውን ማብሪያ አጥፋና በቴስተር አረጋግጥ፤ 380 ቮልት ይቅርታ አያውቅም። የቦርዱን ክዳን ክፈትና ኦቨርሎዱ ስንት ላይ እንደቆመ እየው። ከፍ ብሎ ካገኘኸው አውርደው። ገንዘብ አትጠይቅ፤ የመጀመሪያው ሥራህ አላለቀም ነበር። ከዚያ ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ ቁጥሩንም ላክልኝ።